ለድስቱ የተነገረ ስም

እኛ ሰፈር ያሉ የድሮ ሴቶች ባላቸውን ሲቆጡ ፊታቸውን ወደ ባላቸው አያዞሩም። ወደ ድስቱ ነው የሚያዞሩት። «አየህልኝ አንተ ድስት፣ ገበያ የዋለ ሰው ጨው ረስቶ ሲመጣ! አንተ ብትሆን ትረሳው ነበር?» ይሉታል። ድስቱ ዝም። ባልየው ጥግ ላይ እግሩን እየታጠበ ይሰማል። መልስ እንዳይሰጥ የተነገረው ለድስቱ ነው፤ አልሰማሁም እንዳይል ቤቱ ጠባብ ነው። ድስቱ ከምድጃ ከወረደ ድመቷ አለች። ድመቷ ከሸሸች ዶሮዋ አለች። ተሰዳቢ አይጠፋም!

በዚህ ጥበብ ጎረቤቴን ታንጉን የሚስተካከል ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ገና አልተወለደም። ታንጉ ብቅልና ጌሾ ትሸጣለች። አጭር፣ ደንዳና፣ ንፋሱ ነጠላዋን ሊነጥቃት ሲታገላት ከንፋሱ ጋር የምትሰዳደብ ሴት ናት። ባሏ መንግስቴ አናጢ ነው፤ ለገበሬ ሞፈርና ቀንበር ይጠርባል። ቃል ግን እንደ ሚስማር ቆጥቦ ነው የሚያወጣው። «ደህና አደሩ ጋሼ መንግስቴ?» ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ አለቀ።

እኔ ጎረቤት ነኝና ስሙን እንደ ልቤ እጠራለሁ። ታንጉ ግን ጠርታው አታውቅም። እናቷ ከሲማዳ ድራ ስትሸኛት «ባልሽን በስሙ ከጠራሽው ክብሩ ካፍሽ ይረግፋል» ብላታለች። ስለዚህ ፊት ለፊት «አንቱ» ነው፤ ለእኛ ስታወራ «የኛ ሰው» ነው። የኛ ሰው ቆሎ ይወዳል፣ የኛ ሰው ዛሬ አኩርፏል። ሞፈር ሊገዛ የመጣ ገበሬ በር ላይ ቆሞ «የመንግስቴ ቤት ይህ ነው?» ሲላት እንኳ «አዎ፣ የጠሩት ሰው ቤት ነው» ትለዋለች። በሠርጓ ማግስት የያዘችውን ልማድ ልጇ ራሄል አድጋ፣ ተምራ፣ ወንድወሰንን አግብታ እስክትወጣ ድረስ አልለቀቀችውም።

አምና ዝናቡ እንዳበቃ ጌዲዮን የሚባል የከተማችን ልጅ ካሜራና ሰው ጭኖ ከባሕር ዳር መጣ። ትያትር የተማረ ነው፤ ስለ ባልና ሚስት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሊሠራ። ግቢ ሲያፈላልግ የታንጉን ግቢ ወደደና ተከራየው። ሚስቲቱን የምትሠራው ተዋናይት መልኳ ሲታይ ያጠግባል። ባልየውን የሚሠራው ይስማው የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ልጅቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ጣቷን ዓይኑ ላይ ቀሰረችና «አልበዛም ወይ? እኔም እኮ ሰው ነኝ!» አለችው።

ብቅል ታሰጣ የነበረችው ታንጉ ሳቋ አመለጣት።

«ምነው እትዬ?» አለ ጌዲዮን።

«ምንም። እንዲህ ያለች ሚስት የየት አገር ናት ብዬ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትቆጣው?»

«ድስት አምጣና ላሳይህ።»

ድስት መጣ። ኧረ ምኑን ልንገራችሁ! ታንጉ ድስቱን ፊቷ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ስለ ማንኮራፋት ነገረችው። በውርጭ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ስር ገብቶ ስለሚነካ የበረዶ እግር ነገረችው። መጥረቢያውን በእጁ ይዞ መጥረቢያውን ስለሚፈልግ ሰው ነገረችው። ካሜራ የያዘው ልጅ በሳቅ ትከሻው ስለተንቀጠቀጠ ምስሉ ተበላሸ። ተዋናይቷ ራሷ እንባዋን እየጠረገች «እኔ እህቷን ልሁን፤ ሚስቲቱስ እሳቸው ናቸው» አለች። ኮሜዲውም «ለድስቱ ንገሪው» ተባለ።

ታንጉ ባሏን እራት ላይ አማከረችው። «ሥሪ» አለ መንግስቴ። ጎርሶ ቆየት አለና «ቀንበሮቹን ከመንገድ አንሡልኝ እንጂ፣ ሰዎቹ ይደናቀፋሉ» ሲል ጨመረ። ፈቃዱ ይኸው ነው።

እንዴት እንደተወደደ! ሌላ ቴሌቪዥን ላይ የሚስት ፀጉር ጧት ከአልጋ ስትነሣም አይበተንም። ታንጉ የምትሠራት ሚስት ግን ሻሿ ወደ ጆሮዋ ዞሮ፣ ዓይኗ አብጦ ትነሣለች። ልጇ አልበላም ሲላት መጀመሪያ ትለምነዋለች፣ ቀጥላ ትቆጣዋለች፣ መጨረሻ ራሷ ትበላዋለች። ሴቱ ሁሉ «ይቺ ሴት የኔን ቤት በቀዳዳ ታያለች እንዴ?» አለ። ባጃጅ ነጂዎች ድምፅዋን በስልካቸው ቀድተው እየከፈቱ መንገደኛ ያስቁ ነበር። ከሁሉ የደነቀኝ ግን መንግስቴ ነው። ቴሌቪዥን ወዳላት ወደ ራሄል ቤት ሄዶ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ፣ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ በሆዱ ይስቃል። መጥረቢያውም እግሩም የእሱ መሆኑን ያውቃል፤ ዝም ብሎ ይስቃል እንጂ አይናገርም።

«ሰርካለም፣» አለችኝ ታንጉ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «የኛ ሰው እኮ ሳቅ ያውቃል! ካገባሁት ወዲህ እንዲህ ጥርሱን አይቼው አላውቅም።» ፊቷ እንደ ሙሽራ ነበር።

ኋላ ጌዲዮን መጣና «እትዬ ታንጉ፣ ስለ ትዳር እውነቱን ነገርናቸው። አሁን ደግሞ ስለ እናትነት እንንገራቸው። የልጅ ፍቅር እንደ ወተት ወዲያው ይወርዳል የሚሉት እውነት ነው?» አላት።

ታንጉ እጇን ከብቅሉ አወጣች። ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው።

ራሄልን የወለደችው በክረምት ነው። ወንዙ ሞልቶ የሲማዳው መንገድ ስለተቆረጠ እናቷ መጥታ ልታርሳት አልቻለችም። ልጂቱ ስታለቅስ ታንጉ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ጡት ትሰጣለች፤ ፊቷን ግን አታያትም። «ልቤ ድንጋይ ነው፣ ፈጣሪ የእናት ልብ ነሣኝ» እያለች ታነባለች። ይሄኔ መንግስቴ በሩን ከውስጥ ዘጋ፤ አንቀልባውን ከግድግዳው አወረደ፤ ልጂቱን አዘላት።

አንቀልባ ያዘለ ወንድ! የዛሬን አያርገውና፣ ያኔ በጋይንት ምድር ይህን ያየ ሰው ወሬውን እያወራ ጠላ በነጻ ይጠጣ ነበር። መንግስቴ በሩን ዘግቶ፣ ልጂቱን አዝሎ፣ እየተወዛወዘ ሞፈሩን ይጠርባል። እሹሩሩ ማለቱ ስለሚያሳፍረው ለበሬ የሚያፏጨውን ፉጨት ያፏጭላታል። እሷም በበሬ ፉጨት ትተኛለች!

አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው አባ ኃይለ ሚካኤል ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው አንኳኩ። መንግስቴ የሚያወርድበት ጊዜ አጣና ጋቢ ደራርቦ ጎብጦ ተቀመጠ።

«ጀርባህን ምን ነካህ ልጄ?»

«አመመኝ አባ።»

አባ አዘኑ። መስቀላቸውን ጉብታው ላይ አሳርፈው ደገሙለት፤ ጠበሉንም ረጩበት። ጉብታው ዋይ ብሎ አለቀሰ። አባ ኃይለ ሚካኤል ብልህ ሰው ነበሩ። ጺማቸውን ያዝ አደረጉና «አይዞህ፣ ሲያድግ ይለቅሃል» ብለውት ወጡ። ምስጢሩንም ይዘውት መቃብር ወረዱ።

ታንጉ ቀስ በቀስ ልቧ ተመለሰ፤ ልጂቱን ከመንግስቴ ጀርባ ተቀበለቻት። እሱም በትዳር ዘመኑ ሁሉ የለመናት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፦ «ይህን ሰው አይስማ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽው?» ብዬ ጠይቄአታለሁ።

«ላመሰግነው ብዬ» አለችኝ። «እኔን የመሰለ ድንጋይ ተሸክሞ ቤት ያቆመ ሰው ነው። ፊት ለፊት ማመስገን ማን አስተማረኝ? ስድቡን በድስት በኩል ካደረስሁ፣ ምስጋናውን በቴሌቪዥን በኩል ላድርስ አልሁ። ደግሞ የኮሜዲው ባል ታፈረ ነው የሚባለው፤ ማን ያውቃል ብዬ።»

የቀረጻው ዕለት እዚያው ነበርሁ። ሕፃን ከጎረቤት ተለምኖ መጣ። ይስማው አንቀልባ አዝሎ አያውቅም፤ ጠፍሩን አላልቶ አስሮት ኖሮ፣ ካህኑ ሆኖ የሚሠራው ሰው በሩን ሲያንኳኳ ደንገጥ ብሎ ሲዞር ሕፃኗ ወደ ጎን ሸርተት አለች። ታንጉ ብድግ አለች።

«መንግስቴ! ልጂቱን!»

ይስማው ልጂቱን ያዛት፤ ምንም አልሆነችም። የሰዉ ሁሉ ዓይን ግን ወደ ታንጉ ዞረ። ታንጉ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ያንን ስም ከእሷ አፍ ስሰማ እኔ ራሴ ደነገጥሁ፤ ታቦት በጓሮ በር ሲወጣ እንዳየ ሰው ሆንሁ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሁሉም ፈነዳ፤ ሳቅና ጭብጨባ ሆነ።

«ወርቅ ነው!» አለ ጌዲዮን። «እትዬ ታንጉ፣ ይሄ አይነካም!»

«ኧረ ስሙን ከውስጡ አውጣው ልጄ።»

«ስንት መንግስቴ አለ በጋይንት! ማን ብሎ ያውቃል?»

ጭብጨባው አልቆመም። ታንጉ ዙሪያዋን አየች፤ ፊቷ ቀላ። «እንግዲህ ተወው» አለች። ዛሬ ድረስ ጣቷን የምትነክስባት ይህቺ «ተወው» ናት።

ያ ክፍል ሲተላለፍ ራሄል ቤት ተሰብስበናል። ራሄል ሆዷ ገፍቷል፣ የመጀመሪያዋ ነው። አንቀልባው ከግድግዳ ሲወርድ የመንግስቴ ሳቅ ቆመ። አባ ጉብታውን ሲባርኩ ወንድወሰን በሳቅ ወለል ላይ ተንከባለለ። ከዚያ «መንግስቴ! ልጂቱን!» አለ ቴሌቪዥኑ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

መንግስቴ ተነሣ። ወንበሩን አንሥቶ ከግድግዳው አስጠጋው። «በሬዎቹን ልይ» አለና ወጣ። በሬ የለውም፤ ካረሰ ስንት ዘመኑ።

ራሄል እናቷን አየቻት። «እናቴ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ? አልወደድሽኝም ነበር?»

«አባትሽ ቀድሞ ወደደሽ» አለች ታንጉ፣ ዓይኗ በሩ ላይ። «እኔ ዘግይቼ ደረስሁበት።»

ራሄል አልተቀየመችም። እንዲያውም ሆዷን እያሻሸች «እንግዲህ እኔም ብዘገይ አትፍረዱብኝ» አለች፣ እየሳቀች። የተቀየመ ሰው ቢኖር መንገዱ ላይ ብቻውን የሚሄደው ነው።

በገበያው ቀን የሆነውን አትጠይቁኝ። አንዱ ሞፈር አንሥቶ እየመዘነ «መንግስቴ፣ አንቀልባም ትጠርባለህ እንዴ?» ይለዋል። ሌላው «ጀርባህ ለቀቀህ ወይስ ገና ነው?» ይለዋል። ውርንጭላ የሚያክሉ ልጆች ከኋላው ጎብጠው ሄዱ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወዶት ነው የሚስቀው። መንግስቴ ግን የፍቅር ሳቅና የንቀት ሳቅ የሚለይበት ጆሮ አልነበረውም፤ ሲሳቅበት የመጀመሪያው ነው።

በሳምንቱ መሣሪያውን አህያ ላይ ጫነ። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አጠገብ ዋለ የሚባል ወንድም አለው። ጠብ የለ፣ ቁጣ የለ። «እንጨቱ እዚያ ይሻላል» አላት። ሲወጣ አንቀልባውን ከተሰቀለበት አውርዶ ብቅሏ ላይ አኖረው።

ታንጉ ኮሜዲውን ያን ቀን ተወችው። ጌዲዮን ሊለምን ቢመጣ «ድስቱን ውሰደው፣ እሱ ይሥራልህ» ብላ መለሰችው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፦ ራሄል ሳትወልድ ባሏ ወደ ቤቱ እንዲመለስ። ቤቱ ያለ መጥረቢያ ድምፅ ቤት አልመስል አላት። ጧት ስትነሣ «የኛ ሰው» ልትል ትጀምርና ታቆመዋለች።

ዓርብ ቀን ተነሥታ አርብ ገበያ ወረደች። እኔም አብሬ ሄድሁ። መንግስቴ ሞፈሮቹን ደርድሮ፣ አጠገቡ ሸክላ ሻጯ ድስቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«መጣሽ?» አላት።

«መጣሁ።»

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ራሄል ቀኗ ደርሷል። ይምጡ።»

የያዘውን ቀንበር በመዳፉ ያሻሸው ጀመር። ለረጅም ጊዜ አሻሸው። ከዚያ በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀውን ያህል ተናገረ።

«ስሜን እንዴት ትለው ይሆን እያልሁ ኖሬያለሁ» አለ። «ታምሜ ስትደነግጥ ትለው ይሆናል እላለሁ፤ ስሞት ስታለቅስ ትለው ይሆናል እላለሁ። በቴሌቪዥን ሰማሁት፤ ያውም አገር ሲስቅበት። አሁን ካሜራ የለም። አንዴ በይኝና እመጣለሁ።»

ታንጉ አፏን ከፈተች። እኔ በልቤ እገፋታለሁ፦ በይው እንጂ፣ በይው! ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። አልወጣም። ብቅል እንደ ጎረሰች ቆመች። መጨረሻ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብላ ከሸክላ ሻጯ ፊት አንድ ድስት አነሣች።

«አንተ ድስት፣» አለችው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው በልልኝ። ላመሰግን ሄጄ አዋረድሁት በልልኝ። ጨክኜ አይደለም፣ አፌ ነው እንቢ ያለኝ በልልኝ።»

ሸክላ ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። «እሜቴ፣ ድስቱን ሊገዙት ነው ወይስ ሊናዘዙበት?»

መንግስቴ በአፍንጫው ሳቀ። መሳቁ ልማድ ሆኖበት ይሆናል። ድስቱን ከእጇ ተቀብሎ ከፈለበት፤ ጭድ ውስጥ ከቶ በገመድ አሰረውና መልሶ ሰጣት።

«መንገዱ ክፉ ነው፣ እንዳይሰበርብሽ» አለ። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ። ስሙን አላለችውማ።

ራሄል ወንድ ወለደች። ታንጉ ጥጥ አጠገቧ እንዳይኖር አድርጋ አረሰቻት፤ ሲያለቅስ እሷ ትነሣለች፣ ራሄል ትተኛለች። ወንድወሰን ደግሞ ያንን አንቀልባ ቀበቶ አስቀጥሎበት ልጁን አዝሎ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ይሄዳል! ጓደኞቹም እየተቀባበሉ አዝለው ፎቶ ይነሣሉ። በኮሜዲው ነው ድፍረቱ የመጣው። አንዱን ያሸማቀቀ ነገር ለሌላው ጌጥ ሆነ፤ ያን ደግሞ አርብ ገበያ ላለው ሰው የሚነግር አልነበረም።

አርባው ሞልቶ ልጁ ክርስትና ሲነሣ መንግስቴ መጣ። ነጭ ለብሶ፣ ወንዶቹ መካከል ተቀመጠ። ታንጉ ጠላ ትቀዳለታለች። «ይጠጡ» ትለዋለች፤ ይጠጣል። ወደ ቀትር ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ ከእጅ እጅ ዞሮ ዝም አልል ሲል አያቱ ጉልበት ላይ አረፈ።

መንግስቴ አየው። በቀስታ፣ ከጥርሱ መሐል፣ ያቺን የበሬ ፉጨት ጀመረ። ልጁ ዝም አለ። የመንግስቴ ቀኝ እጅ ልጁን ደግፎ ወደ ጀርባው መዞር ሲጀምር በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጁ ራሱ ነው የዞረው፣ ሳያዘው።

«አያት! ይዘሉት! ይዘሉት!» አሉ የወንድወሰን ጓደኞች። ስልኮች ሁሉ ተነሡ። ልጆቹ ለክብሩ ነው፤ ለእነሱ ጀግናቸው ነው።

መንግስቴ ስልኮቹን አየ። እጁ ከመንገድ ተመለሰ። ልጁን ለራሄል አቀበላት። «እናቱ ታውቅበታለች» አለ። ጥቂት ቆይቶ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ፤ መኪናው ሳያመልጠው።

ታንጉ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። መውጣቱን ስታይ ቢላዋውን ጣለችው። ግቢውን አቋርጣ ሮጠች፤ በሩ ላይ ደረሰች፤ እሱ መንገዱን ተሻግሯል። ያን ጊዜ አፏ ተከፈተ። ስሙ ወጣ!

«መንግስቴ!»

ምን ዋጋ አለው። ያው ዜማ፣ ያው ቁጣ፣ ቁርጥ የቴሌቪዥኑ። ያንን ስም ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም በድንጋጤ ጮኻ፤ ሌላ አባባል ከየት ታምጣ? ድግስ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ልጂቱን!» ብሎ የጨመረም አለ።

መንግስቴ ዞር አለ። «አቤት» አላት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ፈገግም ያለ መሰለኝ። ከዚያ ንፋሱ ጋቢውን እየሳበው በመታጠፊያው ዞረ።

አሁን ጧት ጧት ብቅል ሊሰጣ ሲል አጥሩ ስር ድምፅ እሰማለሁ። ታንጉ የአርብ ገበያውን ድስት እሳት ሳታሳየው መደብ ላይ አስቀምጣዋለች። ፊት ለፊቱ ትቀመጥና በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ስሙን ትለዋለች። እንዴት እንደወጣ ታዳምጣለች። ራሷን ትነቀንቃለች።

«አይ፣» ትለዋለች ድስቱን፣ «ይቺም ትቆጣለች።»

ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች።